ውሻውን ማን ላከው?
የአደን መጻሕፍት፣ የአደን ፉከራና የአደን ሕግ ሲመዘኑ

ሐርጌሳ ወረዳዎቿን ስትሰይም ሰውንም አውሬንም አልረሳችም። መሐመድ ሞጌ ወረዳ የሚጠራው በድምፃዊውና በታጋዩ በመሐመድ ሞጌ ሊባን ስም ነው። የጋዓን ሊባሕ ወረዳ ስም ደግሞ «የአንበሳ እጅ» ማለት ሲሆን፣ ከከተማዋ በስተምሥራቅ በጎሊስ ሰንሰለት ላይ የሚገኘው ተራራም በዚሁ ስም ይታወቃል። ከሁለቱ የዘፋኙ ድምፅ ዛሬም በሻይ ቤቱና በታክሲው ውስጥ ይሰማል። የአንበሳው ድምፅ ግን ከአካባቢው ከራቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የቀረው እጁ ብቻ ነው፤ እርሱም በስም።

የጠፋ ነገር ሁሉ የሚወቀስበት ሰው ይፈለጋል። ለአንበሳው፣ ለነብሩና ለአቦሸማኔው መጥፋት ወቃሹ ጣቱን የሚቀስረው አብዛኛውን ጊዜ በድኻው አዳኝ ላይ ነው፤ ውሻ አስከትሎ፣ ቀስት ይዞ፣ ጫካ ለጫካ በሚንከራተተው ሰው ላይ። ጠመንጃ ይዞ፣ ጓዝ አስጭኖ፣ ከባሕር ማዶ የመጣው አዳኝ ግን መጽሐፍ ጽፏል፤ ፊልም አሠርቷል፤ በቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ስሙን አስቀርጿል። ስለዚህ ትልልቅ አዳኝ አውሬዎችን በውሻ ማደን ሊፈቀድ ወይም ሊከለከል ይገባል ወይ የሚለው ክርክር ሲነሣ፣ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ስለ አደን የተጻፈውና የተነገረው ነገር ነው። ሕግ የሚረቀቀው በባዶ ወረቀት ላይ አይደለም፤ ሕግ አውጪው አስቀድሞ በሰማው ተረት፣ ባነበበው መጽሐፍና ባደነቀው ጀግና ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ተለይተው ካልተገለጹ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ

ስለዚህ አገር አደን ከተጻፉት ሁሉ ስመ ጥሩው የእንግሊዛዊው መኮንን የስዋይን «ዐሥራ ሰባት ጉዞዎች በሶማሊላንድ» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። በ1895 በለንደን ታተመ፤ ከ1885 እስከ 1893 የተደረጉትን ጉዞዎች ይተርካል። ደራሲው የመሐንዲሶች ጦር መኮንን ስለ ነበር ዓይኑ የለካ፣ እጁም የመዘገበ ነው። የውሃ ጉድጓድ የት እንዳለ፣ የትኛው ሜዳ በየትኛው ወቅት ሣር እንደሚያበቅል፣ የትኛው እንስሳ ከየትኛው ቁጥቋጦ ሥር እንደሚያርፍ በጥንቃቄ አስፍሯል። ከሐርጌሳ በስተደቡብ ባለው ሜዳ ላይ በመንጋ ይሰማራ የነበረው ቆርኬ በእርሱ ስም «የስዋይን ቆርኬ» ተብሏል። ይህ እንስሳ ዛሬ በሶማሊላንድ ሜዳ ላይ የለም። የተረፈው በኢትዮጵያ ነው፤ ከሚጠበቅባቸው ጥቂት ስፍራዎችም አንዱ ሰንቀሌ ነው። ስሙን የሰጠው ሰው ከሞተ በኋላ፣ ስሙ የተሰጠው እንስሳ ደግሞ ከተገኘበት ሜዳ ከጠፋ በኋላ መጽሐፉ ብቻ ይነበባል።

መጽሐፉ ሊመሰገን የሚገባው በሚያየው ነገር ነው። የሚወቀሰው ግን በሚዛኑ ነው። በዚያ ዘመን በዚህ ምድር ላይ እውነተኛ የአደን ሊቃውንት የነበሩት ዛሬ ገቦዬ ተብለው ከሚጠሩት ወገኖች የወጡ ሰዎች ነበሩ። መጻሕፍቱ የሚጠሯቸው ዛሬ እንደ ስድብ በሚቆጠር ሌላ ስም ነው። እነዚህ አዳኞች ቀስት ይይዙ ነበር፤ የቀስታቸውን ጫፍ ዋባዮ ከሚባለው ተክል በሚነጠር መርዝ ይለውሱት ነበር፤ ውሾችም ነበሯቸው። ጥበባቸው የተመሠረተው የእንስሳውን ጠባይ በማወቅ ላይ ነው። ሳላ ከሰው ይሸሻል፤ ከውሻ ግን አይሸሽም፤ ረጅም ቀንዱን ወደ ፊት ደግኖ ቆሞ ይፋለማል። ውሾቹ ከብበው ሲያግቱት አዳኙ ከኋላ ቀርቦ ቀስቱን ይለቅቃል። በዚህ አደን ውሻው ገዳይ አይደለም፤ አስቋሚ ነው። ገዳዩ ውሻውን የላከው ሰው ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው አዳኝ ያለ እነዚህ ሰዎች አንድ ፋና እንኳ መከተል አይችልም ነበር። ዱካውን የሚያነብቡለት፣ ውሃውን የሚያሳዩት፣ የቆሰለውን አንበሳ ከቁጥቋጦ ውስጥ አስወጥተው ፊቱ የሚያቀርቡለት እነርሱ ነበሩ። የስዋይንን መጽሐፍ ያሳተመው የሮላንድ ዋርድ ድርጅት ግን በሌላ በኩል የትልልቅ ግዳዮችን መዝገብ ያሳትም ነበር፤ በመዝገቡም ከእያንዳንዱ ቀንድ ልክ አጠገብ የሚሰፍረው የባለቤቱ ስም ነው። ፋናውን ያገኘው ሰው ዓምድ የለውም። እነሆ የአደን ሥነ ጽሑፍ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል፤ ዕውቀቱን ከአንዱ ወስዶ ክብሩን ለሌላው ይሰጣል። ከዚያም አልፎ፣ ዕውቀቱን የሰጠው ሰው ለራሱ ሲያድን «አውሬ ጨራሽ» ይለዋል።

በ1896 በዚሁ ምድር ሌላ ታሪክ ተሠራ። ከቺካጎ ቤተ መዘክር ጋር የመጣው አሜሪካዊው ካርል ኤክሌይ አቁስሎት ከነበረ ነብር ጋር ተናንቆ በባዶ እጁ ገደለው። ከሞተው ነብር ጎን ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ኤክሌይ ከጊዜ በኋላ ሐሳቡ ተለወጠ፤ በ1925 በቤልጅየም ቅኝ ግዛት በነበረችው ኮንጎ የተራራ ጎሪላዎች የሚጠበቁበት ፓርክ እንዲቋቋም ብዙ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ሆነ። ይህ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን መጸጸት የሚቻለው አስቀድሞ ስሙ ለተጻፈ ሰው ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ስሙ ያልተጻፈው አዳኝ ቢጸጸትም የሚመዘግብለት አልነበረም።

ፊልሙና የአሻንጉሊቱ ድብ

ትልልቅ አውሬዎችን በውሻ የማደን ነገር በዓለም አደባባይ የታየው ከዚህ በስተደቡብ፣ ዛሬ ኬንያ በምትባለው አገር ነው። ፖል ሬይኒ የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ በ1911 ከአገሩ ድብ አዳኝ ውሾችን በመርከብ አስጭኖ መጥቶ አንበሳ አሳደደባቸው። ይህ አደን በ1912 በፊልም ለሕዝብ ቀርቦ በአሜሪካ ከፍተኛ ገበያ አገኘ። ውሾቹ አንበሳውን በሽታው ተከትለው ያገኙታል፤ ከብበው ያግቱታል፤ ፈረሰኞቹ ይደርሳሉ፤ ጥይት ይተኮሳል። ከሥነ ጥበብ አንጻር ሲመዘን ፊልሙ ራሱን በራሱ ይቃረናል። ከተመሰገኑለት ክፍሎች አንዱ እንስሳቱ ወደ ውሃ ወርደው ሲጠጡ የሚያሳየው ነው፤ በዚያ ክፍል ማንም አይተኩስም። ተመልካቹ ለሞት ከፍሎ ገብቶ በሕይወት ተደነቀ ማለት ነው።

ሬይኒ በውሻ ስላደነ «አውሬ ጨራሽ» ተብሎ አልተናቀም፤ «ደፋር» ተባለ እንጂ። በዚሁ አህጉር ውሻ አስከትሎ የሚያድን ጥቁር ሰው ግን የዘመኑ የቅኝ ግዛት ደንቦች ያለ ፈቃድ እንደሚያድን ወንጀለኛ ይመለከቱት ነበር። እንግዲህ ውሻው ያው ውሻ ነው። የተለየው የገመዱ ጫፍ የተያዘበት እጅ ነው።

ከዚህ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ወር 1902፣ በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት የሆነውም ይኸንኑ ያጠነክራል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ድብ ሊያድን ወጣ። አደኑን የሚመራው ሆልት ኮሊየር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በባርነት ተወልዶ፣ በድብ አደን ወደር የማይገኝለት ባለውሻ የሆነ ሰው ነው። የኮሊየር ውሾች ድቡን አገቱት። ድቡ አንዱን ውሻ ገደለ። ኮሊየር ፕሬዚዳንቱ እስኪደርስ ድቡን በሕይወት ለማቆየት ሲል መትቶ አደንዝዞ ከዛፍ ጋር አሰረው። ሩዝቬልት ደርሶ የታሰረ ድብ መተኮስ ለክብሩ እንደማይገባ ተናግሮ እምቢ አለ፤ ድቡም በሥቃይ እንዳይቆይ በቢላዋ እንዲገደል አዘዘ። አንድ የጋዜጣ ሠዓሊ ነገሩን በካርቱን ሣለው፤ ከዚያም በፕሬዚዳንቱ ቁልምጫ «ቴዲ ድብ» የተባለው የልጆች አሻንጉሊት ተወለደ።

ዛሬ በሐርጌሳ ገበያም ሆነ በአዲስ አበባ መርካቶ ያንን አሻንጉሊት ማግኘት አያዳግትም። አሻንጉሊቱ የያዘው የፕሬዚዳንቱን ስም ነው። ድቡን ያገኘው፣ ውሻው የሞተበት፣ በገዛ እጁ አውሬ ያሰረው ሰው ስም በአሻንጉሊቱ ላይ የለም። ድቡም ቢሆን ከሞት አልዳነም። «ፍትሐዊ አደን» የሚባለው የክብር ሕግ በዚያ ቀን ያዳነው የፕሬዚዳንቱን ዝና እንጂ የድቡን ሕይወት አይደለም።

ፉከራው

ይህን ሁሉ በነጭ አዳኝ ላይ ብቻ ለክኮ ማለፍ ለአማርኛ አንባቢ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ሐቀኛ አያደርገውም። የአማርኛ የጀግንነት ሥነ ቃል ከገዳይ አይለይም። ግዳይ የጣለ ሰው ፎክሮ፣ አቅራርቶና ሸልሎ ወደ መንደሩ ይገባል፤ ቅቤ በራሱ ላይ ይደረግለታል፤ አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋል። በቃሉ ውስጥ ሰውን የገደለና አውሬን የገደለ አብረው ይቆማሉ፤ «ገዳይ» የሚለው ስምም ለሁለቱም ምስጋና ነው። አንበሳውም በዚያው ቤት የዙፋን ምልክት ነው፤ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የአንበሳ ግቢ በ1948 ሲቋቋም አንበሳው በአጥር ውስጥ የመንግሥት ግርማ ማሳያ ሆነ። በዱር የሚገደል፣ በግቢ የሚከበር፤ የአንበሳ ዕጣ በአማርኛ ይህ ነው።

በዚያ ሁሉ ፉከራ ውስጥ ውሻ ምን ቦታ አለው? የለውም ቢባል ይቀላል። ፎካሪው ፈረሱን ያወድሳል፤ ጠመንጃውን በስም ይጠራል፤ ጦሩን ያሞግሳል፤ ውሻውን ግን አይጠቅስም። ውሻ በተረትና ምሳሌ የሚታወቀው «በበላበት የሚጮህ» ተብሎ፣ ወይም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲባል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በውሻ ረዳትነት የተገደለ አንበሳ የብቻ ጀብዱ አይሆንም። ክብሩ እንዳይከፈል ረዳቱ ከግጥሙ ይሰረዛል። ስዋይን በነበረበት ዘመን የታተመው የግዳይ መዝገብ ዱካ አንባቢውን ያለ ዓምድ እንዳስቀረው ሁሉ፣ የአማርኛው ፉከራም ባለውሻውን ያለ ስንኝ አስቀርቶታል።

በጣና ሐይቅ ዳር ያሉት ወይጦዎች ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ወይጦ ጉማሬ በማደን ይታወቅ ነበር። ጉማሬ ከአንበሳ ያላነሰ አደገኛ እንስሳ ነው፤ በታንኳ ቀርቦ በጦር መግጠምም ከፍተኛ ድፍረት ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ለወይጦ ማንም ቅቤ አልቀባለትም። ሥጋውን ስለሚበላ ተናቀ፤ ከማዕድና ከጋብቻ ተገለለ። አንበሳ ገድሎ ቆዳውን የለበሰ ጀግና ሲባል፣ ጉማሬ ገድሎ ልጆቹን ያበላ ርኩስ ተባለ። ጊዜው ተለውጦ የጉማሬ አደን ሲቀር ወይጦው ወደ ደንገል ሥራ ዞረ፤ ታንኳ ይሠራል፤ ቅርጫት ይሰፋል። ንቀቱ ግን ከአደኑ ጋር አልቀረም። በሐርጌሳ የዳሚን ሰፈር የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋበትም፤ የአያቶቻቸው ቀስት ከተሰቀለ ብዙ ዘመን ያለፋቸው የገቦዬ ልጆች ዛሬ ጫማ ቢሠሩም፣ ፀጉር ቢያስተካክሉም፣ ትምህርት ቤት ቢገቡም የአያቶቻቸው ስም ይከተላቸዋል። ጣናና ሐርጌሳ በዚህ ነገር ጎረቤታሞች ናቸው።

ሕጉ

የአደን ሕግ የተጻፈው ይህን መጽሐፍ ባነበቡና ይህን ፉከራ በሰሙ ሰዎች ነው። በግንቦት ወር 1900 በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ያላቸው የአውሮፓ መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው የአፍሪካን የዱር እንስሳት ለመጠበቅ ስምምነት ተፈራረሙ። በስምምነቱ ከሚጠበቁት እንስሳት ዝርዝር ጎን ሌላ ዝርዝር ነበር፤ ቁጥራቸው እንዲቀነስ የሚፈለጉ ጎጂ እንስሳት ዝርዝር። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና ተኩላ በዚያ ውስጥ ተጽፈዋል። ስምምነቱ በሁሉም ዘንድ ስላልጸደቀ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ መንፈሱ ግን በየቅኝ ግዛቱ ደንቦች ውስጥ ገባ። «ጥበቃ» የተባለው ነገር ሲወለድ የጠበቀው ባለቀንዱን ነው፤ ባለ ክራንቻው ግን ተፈረደበት። ባለቀንዱ የሚጠበቀውም ለባለፈቃዱ አዳኝ እንዲቆይ ነበር።

በኢትዮጵያም ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አደንን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ወጥተዋል፤ በ1944 የአደን አዋጅ፣ በ1972 የዱር እንስሳት ጥበቃ ደንብ ተከተሉ፤ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓመተ ምሕረት ታወጀ። አቅጣጫቸው ሲታይ ነገሩ ከንጉሥ ስጦታ ወደ ሕዝብ ሀብት እየተለወጠ መምጣቱ ይታወቃል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

በውሻ ስለማደን ግን ጥርት ያለ ክርክር የተደረገው በአሜሪካ ነው። በ1994 የኦሪገን፣ በ1996 የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ፑማን በውሻ ማደን ከለከለ፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1990 ፑማን በአደን መግደልን በሕዝብ ድምፅ አስቀድማ ከልክላ ስለ ነበር በ2012 ድብን በውሻ ማሳደድ በሕግ አገደች። የከልካዮቹ ምክንያት የታወቀ ነው፤ ውሾች ፑማዋን አሳድደው ዛፍ ላይ ያወጧታል፤ አዳኙ እየተዝናና ደርሶ ከሥር ይተኩሳል፤ ይህ አደን ሳይሆን እርድ ነው ይላሉ። የፈቃጆቹም ምክንያት ቀላል አይደለም። ዛፍ ላይ የወጣችን ፑማ አዳኙ ቆሞ ያያታል፤ እናት መሆኗን፣ ጾታዋንና ዕድሜዋን ለይቶ ሊተዋት ይችላል። ተመራማሪዎችም አውሬዎችን በሕይወት ይዘው ለማጥናት የሚጠቀሙት በውሻ ነው። በኦሪገን ክልከላው ከወጣ በኋላ መንግሥት የፑማ ማደኛ ፈቃድን አርክሶ ለብዙ ሰው ስለ ሸጠ፣ ውሻው ቢቀርም ጥይቱ አልቀረም። መሣሪያን መከልከልና ግድያን መቀነስ አንድ ነገር አይደሉም።

እነዚህ ሕጎች የሚጋሩት አንድ ጉድለት አለ። ሁሉም የሚጠይቁት «አውሬው በምን ተገደለ?» ብለው ነው። በውሻ ወይስ ያለ ውሻ፣ በመርዝ ወይስ በጥይት። «ማን ላከ? ለምን ላከ? መልሱን ማን ይሰጣል?» ብለው አይጠይቁም።

የሚገርመው ይህ ጥያቄ በዚህች ከተማ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በእስልምና ሕግ በውሻ የማደን ጉዳይ ገና ከመነሻው ተደንግጓል። ቁርኣን በአል ማኢዳ ምዕራፍ 4ኛ አንቀጽ የሠለጠኑ አዳኝ እንስሳት የያዙትን መብላት ይፈቅዳል፤ የአላህ ስም እንዲጠራም ያዛል። ከዐዲ ኢብን ሓቲም በተላለፈው ሐዲስ ደግሞ ዝርዝሩ ተቀምጧል። ውሻው ከአደኑ ከበላለት አዳኙ አይበላም፤ ውሻው የያዘው ለራሱ ነውና። ከአዳኙ ውሻ ጋር ሌላ ውሻ ተቀላቅሎ ከተገኘም አይበላም፤ የአላህ ስም የተጠራው በራሱ ውሻ ላይ እንጂ በሌላው ላይ አይደለምና። ክራንቻ ያለውን አዳኝ አውሬ ሥጋ መብላትም በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ክልክል ነው።

እዚህ ላይ የሃይማኖቱን ትምህርት ማስተማር የጽሑፉ ዓላማ አይደለም። የሚፈለገው የሕጉን አሠራር ማየት ነው። ይህ ሕግ የሚመዝነው መሣሪያውን አይደለም፤ ልኩን ነው። ውሻው ሠልጥኗል ወይ? ላኪው ታውቋል ወይ? ዓላማው መብል ነው ወይስ ሌላ? ያልታወቀ እጅ ከገባበት ግዳዩ ይጣላል። ለንደን ላይ የተፈረመውም ሆነ ኦሪገን ላይ ድምፅ የተሰጠበት ሕግ ይህን ያህል ጥርት ያለ የኃላፊነት መስመር አላሰመረም።

ግልገሎቹ

መስመሩ ዛሬ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ከሐርጌሳ ርቆ መሄድ አያሻም። በዚህ አገር ከተረፉት ትልልቅ አዳኝ አውሬዎች ይልቅ ስሟ የሚነሣው፣ ሶማሊው ሐረምዓድ የሚላት አቦሸማኔ ናት። በዓለም ላይ የቀሩት አቦሸማኔዎች ሰባት ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ሦስት መቶ ያህል ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ ወጥተው በባሕር ወደ ዓረብ ልሳነ ምድር ይሻገራሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በዚህች አገር በኩል ያልፋሉ። የሚፈለጉት ለጓዳ ጌጥነትና ለታይታ ነው። ከተያዙት ብዙዎቹ ገና ጡት ያልተዉ በመሆናቸው በመንገድ ይሞታሉ። የተረፉትን ድርጅቱ ከመንግሥት ጋር ተባብሮ በሐርጌሳ አሳድጓቸዋል፤ ከዚያም ከከተማዋ ውጭ ጌድ ደብሌ ወደሚገኘው ስፍራ አዛውሯቸዋል።

ታሪክ የራሱ ምጸት አለው። አቦሸማኔ ራሷ ለብዙ መቶ ዓመታት በዓረብ፣ በፋርስና በህንድ ነገሥታት ቤት እንደ አዳኝ ውሻ ትላክ የነበረች እንስሳ ናት። ዓይኗ ተሸፍኖ ወደ ሜዳ ትወሰዳለች፤ ሽፋኑ ሲገለጥ ድኩላ ታሳድዳለች። በምርኮ መራባት ስለማይሆንላት እያንዳንዷ ከዱር መያዝ ነበረባት። በህንድ በ1952 መጥፋቷ ታወጀ። እንግዲህ የሰው ልጅ አቦሸማኔን ውሻ ሊያደርጋት ሲሞክር ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ውጤቱም አስቀድሞ ታይቷል።

በሶማሊላንድ በ2015 የወጣው የደንና የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ይህን ንግድ ይከለክላል። በ2018 በዚህ ወንጀል የተከሰሱ ሁለት ሰዎች ተፈርዶባቸው ታስረዋል። ይህ በጎ ጅምር ነው። ነገር ግን ችሎት ፊት የሚቀርበው ማን እንደሆነ ሲታይ የአደኑ መጽሐፍ፣ ፊልምና ፉከራ ጉድለት ተመልሶ ይመጣል። በሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ፍየሎቹ የተበሉበት፣ ድርቅ መንጋውን የጨረሰበት አርብቶ አደር ነው። ግልገሎቹን ከዋሻ ወይም ከቁጥቋጦ ሥር አንሥቶ ለደላላ ይሰጣል። ውሻም መሣሪያም አላስፈለገውም፤ እጁ ብቻ በቂ ነበር። በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ያለው ገዢ ግን ከወርቅ ሰንሰለት ጋር ፎቶግራፍ ይነሣል። ዱካ አንባቢው እንደገና ያለ ዓምድ፣ ባለቤቱ እንደገና ከነስሙ ነው፤ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ ዓምድ የሌለው ሰው የሚያገኘው ወህኒ መሆኑ ነው።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ድኽነት ወንጀልን አያጸዳም፤ ግልገሏን ያነሣው እጅ የድኻ መሆኑ ለግልገሏ አይጠቅማትም። ይህ እውነት ነው። የገቦዬው መርዘኛ ቀስትም ይገድላል፤ የወይጦውም ጦር ጉማሬውን ይገድል ነበር። የተናቀ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ሌላ ዓይነት ፉከራ ነው። ውሻ ራሱም ያለ ጥፋት አይደለም፤ በባሌ ተራሮች ከእረኛ ውሾች የተዛመተው የእብደት በሽታ በ1991፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 በቀይ ቀበሮዎች ላይ እልቂት አምጥቷል። ማንም ሳያድናቸው፣ ማንም ሳይልክባቸው፣ በውሻ ምክንያት ሞቱ። በዓለም ላይ ከአምስት መቶ የማይበልጥ ቀይ ቀበሮ ብቻ ቀርቶ ሳለ ይህ ትንሽ ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ ሕጉ ይላላ ማለት አይደለም። ሕጉ ይራዘም፤ የሰንሰለቱን ሁለቱንም ጫፍ ይንካ ማለት ነው። በ2013 በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ አራት ሶማሊ አርብቶ አደሮች ፍየሎቻቸውን የፈጁባቸውን ሁለት አቦሸማኔዎች በቀትር ፀሐይ በእግራቸው ሮጠው፣ እስኪደክሙ አሳድደው በሕይወት ያዟቸው፤ ወስደውም ለዱር እንስሳት ባለሥልጣናት አስረከቧቸው። የጠየቁት ለፍየሎቹ ካሣ ነበር። ይህ ታሪክ ከስዋይን መጽሐፍም ከሬይኒ ፊልምም የሚበልጥ የአደን ታሪክ ነው፤ ደፋሩ ሰው ገዳይ ያልሆነበት፣ ግዳዩም ወደ ገበያ ያልሄደበት። ሕግ ለእንዲህ ያለው ሰው መልስ ከሌለው በሚቀጥለው ጊዜ የሚያዘው አውሬ የሚሄደው ወደ ደላላው ነው።

ውሻውም ቢሆን ሌላ ሥራ አለው። በናሚቢያ የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ከ1994 ጀምሮ የአናቶሊያ ዝርያ ያላቸውን የመንጋ ጠባቂ ውሾች ለገበሬዎች ይሰጣል። ውሻው አቦሸማኔዋን አያሳድድም፤ ከመንጋው መካከል ቆሞ ይጮኻል፤ እርሷም ከውጊያ ይልቅ ሽሽትን ስለምትመርጥ ትሄዳለች። ፍየሉ ይተርፋል፤ ገበሬው ወጥመድ አያጠምድም፤ አቦሸማኔዋም አትሞትም። በዚህ አገር የእሾህ አጥር ጥግ ተኝቶ ጅብ ሲቀርብ የሚጮኸው የአርብቶ አደሩ ውሻ ከጥንት ጀምሮ ይህንኑ ያውቃል። ማንም መጽሐፍ አልጻፈለትም።

ፍርዱ

ትልልቅ አዳኝ አውሬዎችን በውሻ ስለማደን የሚወጣ ሕግ፣ በሐርጌሳም ይውጣ በአዲስ አበባ፣ ውሻውን ብቻ ከከለከለ ግማሽ ሕግ ነው። ባለ ውሻውን ወንጀለኛ፣ ባለ ፈቃዱን ስፖርተኛ፣ ገዢውን ደግሞ ስሙ የማይነሣ እንግዳ ያደረገ ሕግ ከ1900ው ዝርዝር ብዙም አልራቀም። ሙሉ ሕግ የሚሆነው የላከውንና የተላከውን በአንድ ሚዛን ሲያስቀምጥ፣ ላኪውንም አስቀድሞ ሲጠይቅ ነው።

የአደን ሥነ ጽሑፍም ዕዳ አለበት። በአማርኛም በሶማሊኛም ዱካ ያነበቡት፣ ውሻ ያሠለጠኑት፣ የአውሬውን ጠባይ ከማንም በላይ ያወቁት ሰዎች ታሪክ ገና በወጉ አልተጻፈም። የገቦዬና የወይጦ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ይዘው እያለፉ ነው። በዚያ ዕውቀት ውስጥ አውሬን የመግደል ብቻ ሳይሆን የማወቅ ጥበብ አለ፤ ጥበቃ የሚባለውም ሥራ ያለ እርሱ አይሠራም። ስማቸው በፉከራው ውስጥ ያልገባ ሰዎች ቢያንስ በመዝገቡ ውስጥ ሊገቡ ይገባል።

ሐርጌሳ ለአንበሳው እጅ አንድ ወረዳ ሰጥታለች። አንበሳው ግን እጁን ሊጠይቅ አይመጣም። ከጌድ ደብሌ አጥር ውስጥ ያሉት አቦሸማኔዎች ገና አሉ፤ የሚያሳድጓቸው ሰዎችም በየቀኑ ሥጋ ያቀርቡላቸዋል። በዱር ያደገችው እናታቸው አደን ልታስተምራቸው አልቻለችም፤ ማን እንደወሰዳቸው ይታወቃል፤ ማን እንዳስወሰዳቸው ግን ገና አልተጠየቀም።